ቁልቁለት የምትወድ ሞተሬ እና የሼህ ሙሳ ሰላምታ

ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ውሃ አለው ወይ፣ መብራት አለው ወይ፣ አከራይዋ ነገረኛ ናት ወይ። አይደል? እኔ አሶሳ ውስጥ ቤት ስፈልግ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደጁ ቁልቁለት አለው ወይ? ደላላው ትክ ብሎ አየኝ። ሰው ቁልቁለት ላይ ይተኛል እንዴ አለኝ። ምን በወጣኝ እተኛበታለሁ! ሞተሬን ላስነሳበት ነው እንጂ።

ሞተሬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የገዛኋት በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡ የባምባሲ ገበሬ ላይ ነው። ሰውዬው ሲያስረክቡኝ እንባ ተናነቃቸው። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እፎይታ ነው። በመርገጫ አትነሳማ! እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ እሷ ወይ ፍንክች። ቁልቁለት ላይ ለቀቅ አድርገው ሁለተኛ ማርሽ ካስገቡላት ግን ዷ! ዷ! ዷ! ትላለች፤ የሰፈሩ ፍየል በሙሉ አጥር ይዘላል። ስለዚህ ኑሮዬ ሁሉ ቁልቁለት ሆነ። ፀጉሬን የምስተካከለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ የፀጉር አስተካካዩን ሙያ ከራሴ ላይ ታዩታላችሁ። ሜዳ ላይ የሚኖር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ደግ ሰው ነበር። ተቆራረጥን።

ለምን በባጃጅ አትሄድም የሚለኝ አይጠፋም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ሌላ ምን ልበላችሁ?

ጣጣው የመጣው ከመሥሪያ ቤቴ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ቅርብ ያለው ቁልቁለት የሼህ ሙሳ ደጅ ብቻ ነው። ሼህ ሙሳ የቤርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ማንጎ ዛፋቸው ሥር ይቀመጣሉ። ሞተሬን እዚያ አቁሜ ነው በእግሬ ቢሮ የምሄደው። ታዲያ የሰው ደጅ አቁሞ ሰላም ሳይሉ መሄድ አለ? ሰላምታ የእግዜር ነው። ግን የሳቸውን ሰላምታ አታውቁትም፤ በሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም "እሱ" ነው! "አማን ነው? እንዴት አደርክ? እናትህ አማን ነው? ጉልበቱ ተሻለው? ላሙ ወለደ? አገራችሁ ዝናብ ገባ?" ጎጃም ያለችውን የእናቴን ላም ከእኔ የበለጠ ያስቧታል። ስንጨርስ የቢሮ ሰዓት አልፏል።

በየቀኑ አረፍዳለሁ። እንዳላረፍድ ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ እሷ ዝውውር ስለምን ኖሬአለሁ። በመጨረሻ አለቃዬ አቶ ግርማ ደብዳቤውን አስጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡ። ነገ በሰዓትህ ከገባህ እፈርማለሁ፣ አንዲት ደቂቃ ካረፈድክ እቀደዋለሁ አሉኝ። ሰውዬው ይቀድዱታል፣ አውቃቸዋለሁ።

በማግስቱ ሼህ ሙሳ ደጅ ስደርስ እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ። ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኧረ አልጨፈንኩም፣ ሞተር እየነዳሁ! ብቻ አቀርቅሬ ዷ! ብዬ አለፍኩ። ቢሮ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳው መሃል፣ ሞተሬ ጠፋች። ትጥፋ! አምስት ደቂቃ ተርፎኝ ፈርሜ ገባሁ።

ረፋዱ ላይ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። በመስኮት ሳይ ሴቶቹ የማሽላ ዱቄት ተሸክመዋል፣ ወንዶቹ የቀርከሃ ምንጣፍ። ከፊት ሼህ ሙሳ። አቶ ግርማ እየሮጡ ወጡ፣ እኔም ተከተልኩ። ማን ሞቶ ነው አሉ። ሼህ ሙሳ በትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ይሄ ልጅ ሞተር ከገዛ ስምንት ወር፣ ሰላም ሳይል አልፎኝ አያውቅም። ዛሬ እንደ ነፋስ አለፈ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያልፋል? ወላሂ አያልፍም! እናቱ ሞቷል። መርዶ ሰምቷል።"

አቶ ግርማ ዞረው አዩኝ። እናትህ ሞታ እኔን ፈርተህ ሥራ ገባህ? እኔ አውሬ ነኝ? አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ደብዳቤውን አስመጡ። እዚያው ጀርባዬ ላይ አድርገው ፈረሙ። ማኅተም አምጡ ብለው ጮኹ። እኔ አልሞተችም ልል አፌን ከፈትኩ። ደብዳቤውን አየሁት። አፌን ዘጋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናቴን ማኅተሙ እስኪመታ ድረስ ገደልኳት።

ማኅተሙ ሊያርፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። "እማዬ" ይላል። አቶ ግርማ አነበቡት። አንሳ አሉኝ፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው። እናቴ እልል እያለች፣ "ልጄ፣ ላሟ ወለደች!" አለች። ሼህ ሙሳ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ። አልሐምዱሊላህ! ወይፈን ነው ጊደር? ጉልበቱስ? ዝናቡስ? ሁለቱ በሰላምታ ተያያዙ፤ ባትሪው ነው ያላቀቃቸው።

አቶ ግርማ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። እሷ ካለች ታዲያ ማን ነው የሞተው አሉ። ሼህ ሙሳ በርጋታ አዩኝ።

"እሱ ነዋ። ሰላም የማይል ሰው ሞቷል እንጂ ምን ይባላል?"

"የሞተ ሰው አይዛወርም" አሉ አቶ ግርማ፣ ደብዳቤውን ለአራት ቀደው።

በመጣው ዱቄት ግን ገንፎው ተገንፍቷል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል። የመጣ ለቅሶ አይመለስም ተባለ። እስከ ማታ የራሴ ለቅሶ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ በየተራ "ያጽናህ" እያለኝ አለፈ። እኔም አሜን እላለሁ። ሲበተኑ ሞተሬን ገፍተው አስነሱልኝ።

አሁን በየጠዋቱ ቆሜ ሰላም እላለሁ። አቶ ግርማም ከመኪናቸው ወርደው ከኋላዬ ይሰለፋሉ። በቁማቸው እንዳይለቀስላቸው ፈርተው ነው። አብረን እናረፍዳለን።

ትናንት ስደርስ ግን ሼህ ሙሳ ስልክ ላይ ነበሩ። ቆይ በሚል እጃቸውን አነሱ። ከእናቴ ጋር ነው! ያን ቀን ቁጥር ተለዋውጠው በየቀኑ ይደዋወላሉ ለካ። ሲጨርሱ ፊታቸው በርቷል።

"አብሽር! እናትህ ይመጣል። ከአንተ ጋር ይኖራል። ግን ጉልበቱ ቁልቁለት አይችልም። ሜዳ ላይ ቤት ይፈልግልኝ ብሏል።"

እናቴ ልትመጣ! በደስታ ልዘል ስል ዓይኔ ሞተሬ ላይ አረፈ። ወጣሁባት፣ ለቀቅ አደረግኳት፣ ዷ! ብላ ተነሳች። ሼህ ሙሳን ሰላም ሳልል አለፍኳቸው። ይምጡ! ምንጣፋቸውን ይዘው ይምጡ። አሁንስ የእውነት ለቅሶ አለብኝ።