የግራ እጄ ውለታ

ቋንቋችን ግራ እጅን በድሎታል። ሰው ሲደናገር «ግራ ገባው» እንላለን፤ ቀኝ ገብቶት የተደናገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንዱ ሲነጫነጭ ከዋለ «ዛሬ በግራ ጎኑ ነው የተነሳው» ይባላል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ «ቀኝ አውለኝ» ብለን እንማጸናለን፤ «ግራ አውለኝ» ብሎ የሚወጣ ካለ ጸበል ነው የሚያስፈልገው። ለግራ የተረፈላት አንዲት ሙገሳ ብትኖር ባል ሚስቱን «ግራ ጎኔ» ሲላት ነው፤ እሱንም የሚላት ሰው ፊት ብቻ ነው።

እኔም ለሠላሳ ዓመት ያህል ግራ እጄን ያለ ቁም ነገር አኑሬው ነበር። ቀኜ ሲጽፍ ወረቀት ይይዛል፤ ቀኜ ዳቦ ሲቆርጥ ዳቦውን ይይዛል። ባጭሩ ያዥ ነበር። ደርግ ሲመጣ ግን ግራ እጅ ድንገት ሹመት አገኘ፤ በየስብሰባው መፈክር ሲባል ተጨብጦ ወደ ላይ የሚወጣው እሱ ሆነ። ቀኝ እጅ ደግሞ ምንም ሳያደርግ በስሙ ብቻ ተጠረጠረ። ይህን የሹመት ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መሥሪያ ቤቴ ፒያሳ ነበር። የወዛደሮች ቀን ሲቃረብ በሩ ላይ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይሰቀል ተባለና፣ ረጅም ነህ ተብዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ጨርቁ «ወደፊት!» ይላል። እኔ ወደ ታች ሄድኩ። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሐኪሙ ከጣቶቼ ሥር እስከ ክርኔ ጀሶ ለጥፎ ለስድስት ሳምንት እንዳላንቀሳቅሰው አዘዘኝ።

ወንደላጤ ስለነበርኩ ምሳዬን የምበላው ዶሮ ማነቂያ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ግራ እጄን ታጥቤ ወደ ትሪው ስሰድ ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማኋቸው። እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ እኛ ሞተናል እንዴ?» አሉኝ። ወዲያው ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱት። መልስ ልሰጣቸው አልቻልኩም፤ አፌ ሞልቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኔ የተቀመጠ ሁሉ ያጎርሰኝ ጀመር። አንድ ቀን ወርቅ ሠሪ፣ አንድ ቀን የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አይቼው የማላውቅ ሰው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ማንም ሳይደግም አይለቀኝም። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ የሚያይበት፣ ሰው ከማያውቀው ጋር ሰላምታ የሚቆጥብበት ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ አራዳ ስድስት ሳምንት ሙሉ በእጇ አበላችኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ሆዴ ይባባል፤ ያኔም ቢሆን ሆዴ ጨምሮ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ቴኒስ ልምጣ። ቴኒስ በደርግ ዘመን ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ የተወረሰ ግቢ ጀርባ አንድ የቴኒስ ሜዳ ነበር። ከግቢው ጋር ለቀበሌ የተላለፈ ሲሆን ጠባቂውም አስተማሪውም ጋሽ ተሰማ ነው። ጋሽ ተሰማ በጣሊያን ጊዜ እዚያው ሜዳ ላይ ኳስ ለቃሚ ነበር። ማንም አላስተማረውም። ጣሊያኖቹ ሲጫወቱ ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፤ እነሱ ሲሄዱ በጣውላ ቁራጭ ያንኑ ይደግማል። ሰውን ፊት ለፊት እያዩ መቅዳት ደግሞ እንደ መስታወት ነው፤ እነሱ በቀኝ የያዙት ለእሱ በግራው በኩል ስለሚታየው በግራው ያዘ። በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ያማትባል፣ በቀኙ ይፈርማል፤ ቴኒስ ላይ ብቻ ግራኝ ነው። ስህተቱን የነገሩት ጸጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ስለነበር፣ ከእንግዲህ ማን ያስተካክለዋል ብሎ ተወው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን ቴኒስ የቡርዧ ጨዋታ ነውና ሜዳው ተቆፍሮ ጎመን ይተከልበት የሚል ሐሳብ አመጣ። ጋሽ ተሰማ ቢሮው ድረስ ሄዶ ለመነው። ሰውየው መጨረሻ ላይ ሰፊው ሕዝብ ይጫወትበታል የምትል ከሆነ ክረምት ሳይገባ ሳልነግርህ መጥቼ አያለሁ፤ ማንም ሲጫወት ካላገኘሁ ዶማው ይገባል ብሎ ሸኘው። ድሮ ከእኔ ጋር እዚያ ይጫወቱ ከነበሩት አንዱን ሥራው ወደ አሰብ አዛውሮታል፤ ሌላው ራኬት ይዞ መታየት ፈርቶ ቀርቷል። ስለዚህ ሰፊው ሕዝብ እኔ ነበርኩ። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ እጁን ሰበረ።

ጋሽ ተሰማ ሙዝ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ጀሶውን አገላብጦ አየው። ከዚያ «ቀኝህን እግዜር ይማርልህ» አለና «ግራህስ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም እንዳልሆነ ነገርኩት። እንግዲያው ነገ ከሥራ ስትወጣ እጠብቅሃለሁ አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አልኩ በልቤ። እምቢ ልለው አፌን ስከፍት ግን፣ «ያን ሜዳ ከቆፈሩት እኔን ምን ላይ ሊተክሉኝ ነው? ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም» አለ። ሲናገር ጫማውን ነበር የሚያየው። በማግስቱ ሄድኩ።

ግራ እጅን ሥራ ማስጀመር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ለመጀመሪያው ኳስ ስሰነዝር ኳሱ አለፈኝ፤ ራኬቱ አምልጦኝ አጥር ተሻግሮ የጎረቤት በርበሬ ስጥ ላይ አረፈ። የስጡ ባለቤት ከእርግማን ጋር መለሰችልን። ኳስ በመጣ ቁጥር በጀሶ የታሰረው ቀኜ፣ መለከት እንደሰማ ጡረተኛ ወታደር፣ ልነሳ ልነሳ ይላል። እግሮቼም የትኛው እንደሚቀድም ተጣሉ።

ይባስ ብሎ የጋሽ ተሰማ ማስተማሪያ ዘዴ እምቢ አለኝ። ድሮ ፊት ለፊቴ ቆሞ በግራው ሲያሳየኝ እኔ እንደ መስታወት በቀኜ እቀዳው ነበር፤ ተስማምተን ኖረናል። አሁን ግን ፊቱን ባየሁ ቁጥር ራኬቱ ወደ ጀሶው ይሄድብኛል። ግራ ገባኝ የሚለው ቃል በትክክል የተፈጸመው ያን ሳምንት ነው። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ጀርባውን ሰጠኝና ከኋላዬ ቆመህ እየኝ አለ። ያኔ ገባኝ። ለመጀመሪያው ምት ኳስ ማንሻም ፈለሰፈልኝ፤ ኳሱን ጀሶው ላይ እንደ ስኒ አስቀምጬ ወደ ላይ መወርወር ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ኳስ መረቡን ተሻግራ መስመር ውስጥ ወደቀች። ጋሽ ተሰማ አማተበ፤ በቀኙ። እኔ ግራ እጄን አገላብጬ አየሁት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ሳልተዋወቀው መቅረቴ አሳፈረኝ።

ሊቀመንበሩ የመጣው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ዶማ የያዙ ሦስት ሰዎች አስከትሏል። እንደ እድል ሆኖ እየተጫወትኩ ነበር። ጀሶውን አየ፣ ራኬቱን አየ፣ ለምን በግራ እንደምጫወት ጠየቀኝ። እውነቱን ልናገር ነበር። ግን «ወደፊት!» የሚል መፈክር ስሰቅል ወደቅኩ ማለት በዚያ ዘመን ምን ተብሎ ይተረጎማል? ስንተባተብ ጋሽ ተሰማ ቀደመኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በቀኝ መጫወት የጣሊያን ነው። እዚህ ሜዳ ላይ በግራ ሆኗል» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ጀሶው ጠቁሞ ይሄስ አለው። ጋሽ ተሰማ ዓይኑን ሳያሽ «ቀኙ ጣልቃ እንዳይገባ ነው» ብሎ መለሰ።

አምኖ ይሁን፣ ግራ የሚሠለጥንበትን ሜዳ አስቆፈረ መባልን ፈርቶ ይሁን አላውቅም። ዶማዎቹን መለሳቸው። ያ ሳያንስ ከቀበሌው ወጣቶች ሃያውን ልኬ በግራ እንዲሠለጥኑ አደርጋለሁ አለ፤ አደረገም።

ጀሶዬ በሳምንቱ ተፈታ። ቀኜ ከስቶና ገርጥቶ ወጣ፤ በሁለት ሳምንት ግን ብዕሩንም እንጀራውንም ተረከበ። ራኬቱን ብቻ አልመለስኩለትም፤ እስከ ዛሬም በግራዬ ነው የምጫወተው። በቀኜ ጥሩ እንደነበርኩ አውቃለሁ። ግን በክፉ ቀን የደረሰን ደህና ቀን ሲመጣ ዞር በል ማለት ነውር ነው። እትዬ አስካለን፣ ወርቅ ሠሪውን፣ ያን የማላውቀውን ሰው የማመሰግንበት ሌላ መንገድም አላገኘሁም።

ክረምቱ ከመጠንከሩ በፊት ሊቀመንበሩ የሠልጣኞቹን ውጤት ሊያይ ተመልሶ መጣ። በወጣቶቹ ጀርባ በኩል ባለው በር ሲገባ፣ በሩ አጠገብ የነበርኩት እኔም ልክ እንደ እሱ ከኋላቸው አየኋቸውና ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ጋሽ ተሰማ ለእኔ እንዳደረገው ለሃያ ጎረምሳ ጀርባውን ሊሰጥ አይችልም፤ ከሰጠ ኳሶቹ አይገኙም። ስለዚህ ከመረቡ ማዶ ሆኖ ፊት ለፊት ነበር ያስተማራቸው። እነሱም እንደ መስታወት ቀድተውታል፤ ሃያ ራኬት፣ ሃያ ቀኝ እጅ።

ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማዶ ይሄ ቀኝ አይደለም ወይ አለ። ጋሽ ተሰማ ከማዶ ሆኖ በእርጋታ፣ «እንደ አቋምዎ ነው፣ ጓድ» አለው።

በዚያ ዘመን የአቋምህ ነገር ከመነሳት የከፋ ነገር አልነበረም። ሊቀመንበሩ ማን እንደሰማው ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ መረቡን ዞሮ ተሻገረ፤ ከጋሽ ተሰማ ጎን ቆመና ልጆቹን ፊት ለፊት አያቸው። ራኬቶቹ በሙሉ በግራው በኩል ተሰልፈዋል።

«እውነትም ግራ ነው» አለና፣ ጋሽ ተሰማን ለማመስገን ቀኝ እጁን ዘረጋለት።