ሩብ ዙር

[የጎማ ጥገና ሱቅ። ጎሚስታውና የሚስቱ ወንድም ልብስ ሰፊው አንድ የቀለም ኳስ መተኮሻ ላይ አጎንብሰዋል። እሱን የሚመስል ሌላ መተኮሻ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ በተቃራኒ ቡድን ሆነው በቀለም ኳስ መተኳኮስ ጨዋታ ይጋጠማሉ፤ ተሸናፊው አሸናፊውን ዓመቱን ሙሉ «ጋሼ» እያለ አንቱ ሊለው በዘመድ ፊት ተማምለዋል። ጎሚስታው በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣልና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።]

ጎሚስታ፦ አየር አንሶት ነው አልኩህ! ኳሱ የሚገፋው ሲያጣ አፈሙዙ ውስጥ ይፈርጣል።

ልብስ ሰፊ፦ በዝቶበትስ ቢሆን፣ ጋሼ?

ጎሚስታ፦ ሃያ ዓመት ጎማ የነፋሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ይሄ እጀታው ላይ ያለው ቀይ ክር ደግሞ ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊ፦ እኔ ነኝ የጠመጠምኩት። ይሄኛው እኮ...

ጎሚስታ፦ ዝም በል! የዓይን መከለያህን አድርግ። [የአየሩን ብሎን አጥብቆ ወደ አሮጌ ጎማ ይተኩሳል። አፈሙዙ ቢጫ ቀለም ያንጠባጥባል።]

ልብስ ሰፊ፦ ፈረጠ።

ጎሚስታ፦ ዓይን አለኝ!

ልብስ ሰፊ፦ እኛ ቤት ክር ሲበጠስ ማሽኑን እናላላለን እንጂ አናጠብቅም።

ጎሚስታ፦ መተኮሻና ቀሚስ አንድ ሆነብህ? [ፊቱን አዙሮ ያላላል፤ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ። ይተኩሳል። ኳሱ ጎማው መሃል ላይ ይፈነዳል።] አየህ? መጀመሪያ ያጠበቅኩት ሆን ብዬ ነው። ጣሪያውን ያልነካ ልኩን አያገኝም!

ልብስ ሰፊ፦ ለካ! ግን ጋሼ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው...

ጎሚስታ፦ አትጠይቅ፣ ጻፍ! ተማርበት።

[ልብስ ሰፊው ጠመኔ ያወጣል፤ ወረቀት ያጣል፤ ሱሪው ጉልበት ላይ ይጽፋል።]

ጎሚስታ፦ አሁን ቃታው። ስበኸው እስኪተኩስ ጠላት ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ግማሽ ዙር ላሳጥረው... [አንዴ ይስባል፤ ሁለት ኳስ ይወጣል።]

ልብስ ሰፊ፦ አንዴ ስበው ሁለት? ደስ ሲል!

ጎሚስታ፦ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ዳኛው ያባርርሃል! በጣም አጥሮ በራሱ ንዝረት እየተሳበ ነው። ሩብ ልመልስለት። [ይስባል፤ አንድ። ይስባል፤ አንድ።] ተመልከት፣ እንደ ቅቤ!

ልብስ ሰፊ፦ ሩብ ወደ ኋላ... ጻፍኩ። ጋሼ፣ አሁንስ ልናገር? ይሄ...

ጎሚስታ፦ ቆይ! [መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዲት አረፋ አትነሳም።] አለቀልህ! እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ የሚሸነፍ የለም። አሁን ተናገር።

ልብስ ሰፊ፦ ይሄ የኔ ነው። የርስዎ መደርደሪያው ላይ ነው።

[ጎሚስታው ቀዩን ክር፣ ከዚያ መደርደሪያውን ያያል።]

ጎሚስታ፦ ለምን አልነገርከኝም!

ልብስ ሰፊ፦ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። «ዝም» አሉኝ፤ ታላቅ ደግሞ ይታዘዛል።

[ጎሚስታው የራሱን ከመደርደሪያው መንጭቆ ይተኩሳል። ይፈርጣል። ሰዓቱን ያያል፤ ለግጥሚያው ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።]

ጎሚስታ፦ አየሩ ስንት ዙር ነበር? ቃታውስ፣ ሩብ ነው ግማሽ? ያን ጉልበትህን አሳየኝ!

ልብስ ሰፊ፦ [ጉልበቱን በመዳፉ ሸፍኖ] ምን አሉኝ?

ጎሚስታ፦ አሳየኝ አልኩህ!

ልብስ ሰፊ፦ አልሰማሁም።

ጎሚስታ፦ [በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በሹክሹክታ] ያሳዩኝ... ጋሼ።

ልብስ ሰፊ፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] በል ጠጋ በል፣ የኔ ልጅ። አንድ በአንድ ነው እሺ? ካቀላቀልከው እኔ የለሁበትም።

[ጎሚስታው ካቻቢቴውን እንደያዘ ይንበረከካል። አፍንጫው የልብስ ሰፊውን ጉልበት ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ እያነበበ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የመጀመሪያዋን ሩብ ዙር ያላላል።]