ዶክተር ሽመክት አንዲት ክኒን ለማስዋጥ ወደ ሞጣ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥናታቸው ታትሞ ከራሳቸው በቀር ማንም ሳይጠቅሰው በቀረ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ አርባ ሰባት ቀን በሆነው ዐርብ፣ የልብ መርማሪ፣ የደም ቧንቧ ጠበቃ፣ ፀሐየ ቢቸና ዶክተር ሽመክት ወደ ሞጣ የዘመቱበት ዜና ይህ ነው፤ ያየ ይመስክር፣ ያላየ አፉን ይያዝ።

አስቀድመን ስለ ጥናቱ እንናገር። የልብ ደም ቧንቧ የጠበበባቸው ሕሙማን በጾም ወራት ክኒናቸውን እያቋረጡ እንደሚጎዱ፣ የሁለት መቶ ሰው ልብ አድምጠው፣ ሦስት ክረምት ዓይናቸው እስኪቀላ ጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ቢያሳትሙት፣ ከባሕር ማዶ እስከ ባሕር ዳር አንድ ሊቅ እንኳ «ሽመክት እንዲህ አለ» ሳይል ቀረ። ዶክተርም በየማለዳው ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የተጠቀሰበትን ቁጥር ያዩ ነበር። አንድ ቀን ዜሮው አንድ ሆኖ ቢያገኙት ከደስታ ብዛት ሻያቸውን ደፉ፤ ለካስ ራሳቸው በሁለተኛው ጽሑፋቸው ጠቅሰውት ኖሯል። ወይ ጉድ! ያን ቀን ምሳም አልበሉ።

በዚያ ዐርብ ማለዳ ከሞጣ ስልክ ተደወለ። የደወሉትም የቅኔው መምህር የመሪጌታ አካለ ወልድ ባለቤት፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ ነበሩ፤ መሪጌታም በጥናቱ ውስጥ አሥራ ሰባተኛው ሕመምተኛ ናቸው። የወይዘሮዋም አዋጅ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ድረሱልኝ! እኚህ ሰው ጾም ከገባ ጀምሮ ክኒናቸውን በሙዳይ ያጠራቅማሉ። ለፋሲካ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እውጠዋለሁ ብለዋል!»

ይህን በሰሙ ጊዜ የልብ ሐኪሙ የገዛ ልባቸው ድው አለች። ያ ክኒን የልብን ሩጫ የሚያበርድ ነውና፣ አንዱ ያረጋጋል፤ ሃምሳው ባንድ ላይ ግን ልቢቱን ጭራሽ ዝም ያሰኛል። ፋሲካ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ክተት ታወጀ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ የደም ግፊት መለኪያ የታጠቀችው ሲስተር ብሩክታይት፤ በጡሩንባው አህያ የሚበትነው የሚኒባሱ ሾፌር ፋንታ፤ እግራቸው የታሰረ አራት የፋሲካ ዶሮዎች ከነባለቤታቸው፤ እንዲሁም አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት፣ እሱም በዶክተሩ ጭን ላይ። ፋንታም «አንድ ሰው ይቀረናል፤ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም!» ብሎ አወጀ። ዶክተርም ጥናታቸውን በባዶው ወንበር ላይ አስቀምጠው «ይኸው ሰው!» አሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉለት። ያ ጥናት የክብር ወንበር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈው፣ ዶሮዎቹ እየጮኹ፣ ሞጣ ገቡ።

መሪጌታን በተማሪዎቻቸው ተከበው፣ ሙዳዩን ከጎናቸው አድርገው አገኟቸው። ስለ ክኒኑ በተጠየቁም ጊዜ ይህን ደነገጉ፦ «ሥጋን የሚያስደስት ሁሉ ፍስክ ነው። ይህ ክኒን ደረቴን አሽሎ ሥጋዬን አስደስቶታል። ስለዚህ ፍስክ ነው፤ እስከ ፋሲካ አይቀመስም።» ተማሪዎቹም «ይበል!» አሉ።

ዶክተርም ጥናታቸውን ገልጠው ከርእሱ እስከ አራተኛው ሰንጠረዥ በእንግሊዝኛ አነበቡ። ዶክተር ሲያበቁ መሪጌታ እንዲህ አሉ፦ «ንባቡን ሰማን፤ ትርጓሜው የታል ልጄ? ምስክሩስ ማን ነው?»

ስለዚያ ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና የዶክተር ዓይን እንባ አቀረረ። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው አወጁ፦ «ትርጓሜው አጭር ነው፣ የኔታ፦ ሰዓቱ ይዛወራል እንጂ ቀኑ አይዘለልም። ጾምዎን አልነካብዎትም፤ ከቅዳሴ መልስ ይዋጡት፤ ግን በቀን አንድ ብቻ! ምስክሩም እርስዎ ነዎት። በጥናቱ ዘመን ክኒኑን እየዋጡ የደብሩን ዳገት ሳያርፉ ወጡ ተብሎ ተጽፏል። ዘንድሮስ?»

መሪጌታ ሙዳዩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከጓዳ ግን የወይዘሮ ይርጋነሽ አዋጅ ወጣ፦ «ዘንድሮማ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ! ትናንት ደግፌ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። እሑድ ሆሣዕና ነው፤ ዑደቱን ማን ሊመራ ነው? ለፋሲካ ዶሮ እንጂ ንፍሮ አልቀቅልም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ!»

መሪጌታም ሙዳዩን ትክ ብለው አዩት፤ ሚስታቸውንም አዩ። ከዚያም «ያለፉት ቀናት አርባ ስድስቱ ለዶክተር ይመለሱ፤ የዛሬዋ አንዲት ለእኔ ትቅር» ብለው ፈረዱ። ከቅዳሴ መልስ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሲስተር ብሩክታይት ውሃ ይዛ፣ ተማሪዎች ቆመው፣ ዶክተር ትንፋሻቸውን ውጠው ሳለ፣ ያቺ ክኒን በመሪጌታ ጉሮሮ ወረደች። ወይዘሮ ይርጋነሽም እልልታውን አቀለጡት።

በሆሣዕና ዕለት መሪጌታ ዘንባባ ይዘው ዑደቱን መሩ፤ በዳገቱም አንዴ ብቻ ተቀመጡ። ሕዝቡንም ሲያስተምሩ «ሽመክት ዘቢቸና እንደ ጻፈ፣ ሰዓቱ ይዛወራል እንጂ ቀኑ አይዘለልም» አሉ። በዚያ ቀን ሌሎች ሰባት ሰዎች ቤታቸው ገብተው የደበቁትን ክኒን አወጡ። ዶክተርም ይህን «ጥናትዎን ማን ጠቀሰ?» በሚለው የዓመቱ የኮምፒውተር ቅጽ ላይ በደስታ ሞሉ፤ ቅጹ ግን የመጽሔት ስም ጠይቆ፣ «ሞጣ» ቢሉት እንቢ አለ።

እነሆ የዶክተር ሽመክት ገድል፤ ሽንኩርት ታቅፎ ዘማች፣ ክኒን አስዋጭ፣ የስምንት ልብ ዘበኛ! ኮምፒውተሩ ዛሬም አንድ ይላል፤ ይበል። በሞጣ ግን ያ ጥናት በስምንት ሰው እግር ዳገት ይወጣል።