«አስቸገርኳችሁ» ባዩ ኦጉሺ

እግሩን ስትረግጡት እሱ ይቅርታ የሚጠይቃችሁ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ባቡር ውስጥ ወንበሩን ይለቅላችኋል፤ ለቅቆ ሲያበቃ ደግሞ ወንበሩን ስላሞቀው ይቅርታ ይላል። ምን ዓይነት መልካም ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ አብራችሁት ሥሩና ያኔ እንነጋገር። እኔ የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ ከነበረው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሙያው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የመኪና እሽቅድምድም ነበር።

ክቡር ኦጉሺ ሺገኪ በትውልድ የኢሴ ከተማ ሰው፣ በማዕረግ የይቅርታ ሊቀ ሊቃውንት ነበሩ። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን፤ ቢሰማ ኖሮ «በአንቱታ አደከምኩህ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር።

«አስቸገርኳችሁ» ነበር ቃሉ። ጠዋት ጋራዥ ሲገባ አስቸገርኳችሁ፤ ማታ ሲወጣ አስቸገርኳችሁ። ጎማ የሚያጥበውን ሳይቀር እርስዎ ይላል። ከመግባቱ በፊት ለመኪናዋ ጎንበስ፣ ከወጣ በኋላም ጎንበስ። ከመንገድ ወጥቶ ጠጠሩ ውስጥ ሲሰምጥ ደግሞ ጠጠሩን የሚያስተካክሉትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየዞረ እጅ ይነሳል። እነሱም መልሰው እጅ ይነሱታል። ዳኛው ባንዲራውን እያወዛወዘ ካላባረረው በቀር ሥነ ሥርዓቱ አያልቅም።

አንድ ጊዜ በዝናብ፣ በአንድ ኩርባ ላይ ሁለት ሰው ቀደመ። ሰው በዕድሜው አንዴ እንዲህ ቢነዳ ይበቃዋል። እሱ ግን ለተቀደሙት ይቅርታ ሊል እጁን ከመኪናዋ አወጣ፤ በአንድ እጁ ቀረ፤ መኪናዋ ተንሸራተተች፤ ሁለቱም መልሰው አለፉት። ሲያልፉት ደግሞ መንገድ ስለዘጋባቸው ይቅርታ ጠየቀ። ጋራዥ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ራሳችንን ይዘን ቁጭ አልን።

በእኛ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። የኦጉሺ ሣጥን የኢሴ ጣፋጭ ነበር፤ በቀይ ባቄላ የተለበጠ የሩዝ ጣፋጭ፣ በሐምራዊ ጨርቅ የተቋጠረ። ከኋላው መጥቶ የገጨው ሰው ቤት ሳይቀር ይዞ ይሄዳል። ጣፋጭ ሻጯ ውድድሩን በሬዲዮ ትከታተል ነበር። የኦጉሺ ስም ከሌላ ሰው ስም ጋር አብሮ ሲጠራ ከሰማች፣ እሱ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ሣጥኑን መቋጠር ትጀምራለች።

በዚህ ጠባዩ አሥራ አንድ ዓመት በታችኛው ምድብ ከረመ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው የቡድናችን ባለቤት፣ በአክብሮት ኩራታ ሳን የምንለው፣ በመጨረሻ ቃል ገባለት። በበልጉ ሳይሆን በዓመቱ መዝጊያ ውድድር፣ እዚሁ ከተማችን ሱዙካ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ በሚቀጥለው ዓመት በላይኛው ምድብ ይነዳል። ካልሆነ ወንበሩ ለወጣት ይሰጣል። ሌላ ዕድል እንደማይኖር እሱም እኛም እናውቅ ነበር።

በውድድሩ ቀን እየመራ ጎማ ሊቀይር ገባ። የቀኝ የኋላው ጎማ የእኔ ሥራ ነበር። ጎማው የሚታሰረው በአንድ ዳዶ ነው። ማጥበቂያውን ስጫን ድምፁ ደህና አልመጣም፤ ዳዶው ጥርሱን ስቶ ነበር። ሰማሁት፣ ጆሮዬ አልተሳሳተም። ነገር ግን የሦስቱ ባልደረቦቼ እጅ «ጨርሻለሁ፣ ሂድ» ለማለት ተነስቷል፤ እሱም በመስታወቱ እኔን እኔን ያያል። የቀረው የእኔ እጅ ብቻ ነበር። አነሳሁት።

ሁለት ዙር ሄደ። በሦስተኛው ጎማው ተነቅሎ ከመኪናዋ ፊት ፊት ሲሮጥ አየን፤ መኪናዋ ግንቡን መታች። እግሩን ከብረቱ ውስጥ ለማውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ማጥበቂያውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር፤ ማን ከእጄ እንደተቀበለኝ እስካሁን አላውቅም።

በማግስቱ ኩራታ ሳን ሁላችንንም ይዞን ሆስፒታል ሄደ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። «ዳዶው የእኔ ነው»፤ ሦስት ቃል። ወደ ክፍሉ ገብተን ገና ሳንሰለፍ፣ እኔም አፌን ስከፍት፣ ኦጉሺ ነርሷን ቀና አድርጊኝ አላት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ግንባሩ ብርድ ልብሱን እስኪነካ ድረስ ጎነበሰ።

«የመንገዱን ጠርዝ ረግጬ ነው ጎማውን የሰበርኩት» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አስቸገርኳችሁ።»

ኩራታ ሳን ጎነበሰ። ሁላችንም ጎነበስን። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ካጎነበሰ በኋላ «እስቲ ይጣራ» የሚል ነውረኛ ነው። ስብርባሪውም ሳይመረመር ለብረት አቅላጭ ሄደ። ከሁሉም ይልቅ ዝቅ ብዬ የጎነበስኩት እኔ ነበርኩ፣ ፊቴ እንዳይታይ።

እግሩ ዳግመኛ አልታጠፈም። ከተማው «ጠርዝ ረጋጩ» የሚል ስም አወጣለት። መጠጥ ቤት ውስጥ ስሙ ሲነሳ ይሳቃል፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። እሱ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ሆነ፤ ተማሪው ምሰሶ ሲገጭ እሱ ምሰሶውን ይቅርታ ይጠይቃል ይሉታል። እኔ ዋና መካኒክ ሆንኩ፤ ከዚያም የዚህ ዓምድ ጸሐፊ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየአዲስ ዓመቱ፣ ያንኑ የኢሴ ጣፋጭ በሐምራዊ ጨርቅ አስቋጥሬ ወደ ቤቱ የሚያስኬደውን ዳገት ወጥቻለሁ። ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ። በሩን ሳልነካ እያነከሰ ይወጣል። ይሄን ሁሉ ዳገት አስወጣሁዎት ይላል፣ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፣ መንደሪን ያሸክመኛል፤ ለአፌ ፋታ አይሰጠኝም። ሣጥኑን የአዲስ ዓመት ስጦታ አስመስዬ ሰጥቼ እመለሳለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ዳገቱን ስወርድ እጠላው ነበር።

ባለፈው ወር በጨጓራ ካንሰር ሞተ። ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለቀብር የመጣን ሰው ስጦታ ሰጥቶ መሸኘት ወግ ነው፤ ብዙ ሰው ሻይ ቅጠል ወይም ፎጣ ይሰጣል። የኦጉሺ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ። በብርድ ስላስወጣን ይቅርታ እንዲሆን፣ ራሱ ከመሞቱ በፊት ያዘዘው ነበር። ሰው ሁሉ ሐምራዊውን ጨርቅ ሲያይ እየሳቀ ያለቅሳል። ሚስቱ ቶሞኤ ለእኔ ሁለት ሣጥን ሰጠችኝ።

«ሁለተኛው ለብቻዎ ነው፣ ሃማናካ ሳን» አለችኝ። «እንዲህ ይበሏቸው ብሎኛል፦ ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሊናገሩ አፍዎን ሲከፍቱ አይቼ ነበር። ሥራዎን እንዳያጡ ብዬ ነው የቀደምኩት። ይሄን ያህል ዓመት ይከብድዎታል ብዬ አላሰብኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይሄ ሰው ይቅርታ በመጠየቁ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሁለቱን ሣጥኖች እንዳቀፍኩ ሦስቱን ቃል እዚያው በሩ ላይ ነገርኳት። ቶሞኤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለች። «ሲስቅበት የኖረው ከተማው ነው። ለከተማው ይንገሩት።»

እነሆ ነገርኳችሁ። ኦጉሺ ሺገኪ ጠርዝ አልረገጠም። ዳዶው የእኔ ነበር፤ ድምፁን ሰምቼ ነው እጄን ያነሳሁት። ከእንግዲህ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚቀድመኝ ሰው የለም፤ ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ። አስቸገርኳችሁ።