ሦስተኛው ሽምግልናና ተንሸራታቹ በር

በር የሚሠራው ሌባን ለመከልከል ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ወይ በር አሠርቶ አያውቅም፣ ወይ ራሱ አናጺ ነው። በር የሚሠራው ባለቤቱን ለማዋረድ ነው! ሌባማ ምን ቸገረው... ጣራ ያነሳል፣ ግድግዳ ይሰረስራል። በበር የሚቸገረው ጨዋ ሰው ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ ከወሬ ሰምቼ አይደለም። ነጭ ጋቢዬን እንደለበስኩ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መቀርቀሪያዬ ታስሬ ስላየሁት ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ወረታ አስተማሪ ሳለሁ ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ታናሽ እህቴ ማንጠግቦሽ ከኔ ጋር ትኖር ነበርና እሷን ለትዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ የሚመጣው ወደኔ ነው። እስኪ አስቡት! ክፍል ውስጥ «ዝም በሉ!» ስል አንድ ተማሪ እንኳ የማይሰማኝ ሰው፣ ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆመው «እባክዎ ጌታዬ» ሲሉኝ... ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይመኛል?

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ «አረፍ በሉ» ቢባል ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የልጅቷ ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ካለ፣ እህቱን አውጥቶ ሊጥላት የቸኮለ ይመስልበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲመጡ «ዘመድ ላማክር» ብዬ መለስኳቸው። የማማክረው ዘመድ አልነበረኝም። ሁለተኛ ሲመጡ «ልጅቷ ገና ናት» አልኩ። ማንጠግቦሽ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጓዳ በኩል አንድ ሸክላ ሲሰበር ሰማሁ። የዚያን ቀን የቀረበልኝ ወጥ ጨው ብቻ ነበር።

ለካ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ይፋግ ገበያ አይታው ወድዳዋለች! ደህና ልጅ ነው፤ ሠርቶ አዳሪ፣ ከብቶቹን የሚወድ፣ ትሑት። መስከረም እንደጠባ ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚመጡ ላኩብኝ። መልእክቱ ግን ጭራ ነበረው፦ «የልጁ አባት ዘንድሮ ሊድሩት ቆርጠዋል። ከዚህ ደጅ እንቢ ከተባልን ሐሙሲት ከተማ ሌላ ቤት ታይቷል።» ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በራሴ አፈርኩ። እሑድ ሲመጡ ዓይኔን ሳላሽ «እሺ» ልል ለራሴ ማልኩ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አርፎ ተቀምጦ እሑድን ይጠብቃል። እኔ ግን «እሺ»ዬን የሚመጥን በር አማረኝ! ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የማይከፈት፣ ሸርተት ብሎ ወደ ጎን የሚሄድ በር አይቼ ነበር። የኛን አገር አናጺ አያ እንግዳውን አስጠራሁ።

«ተንሸራታች በር ያውቃሉ?»

«ጎንደር ጣሊያኑ ሲሠራው አይቸዋለሁ።»

«ሠርተውትስ ያውቃሉ?»

«አይቸዋለሁ አልሁህ እኮ!»

«መቀርቀሪያውስ?»

«ራሱ ነው የሚቀረቀረው። በሩን ስትዘጋው ይኸ ቆልማማ ብረት ከመቃኑ ቀለበት ውስጥ ራሱ ጠብ ይላል። አንተ አትደክም።»

«ስከፍተውስ?»

አያ እንግዳው በጥያቄዬ ተገረመ። «ስትከፍተው ታነሳዋለሃ! አስተማሪ አይደለህም እንዴ?»

ብረቱን የሠራው ሰውዬ «ቀለበቱ ሰፋ ይበል፣ እንጨት ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል» ብሎ ነበር። አያ እንግዳው «የጣሊያኑ ጠባብ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሳንቃ ሲያንሰው ደግሞ ከጓዳ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር ነቅሎ ለዚሁ በር አዋለው፤ የጓዳው ክፍተት በጭቃ ተመረገ። «ለዘመናዊ ቤት አንድ በር ይበቃዋል» አለኝ። መስኮቱንም በዚያው ተንሸራታች አደረገልኝ። መስኮቱ በሦስተኛው ቀን ተዘጋ፤ እንደተዘጋ ቀረ።

ስለ በሩ ግን ምን ልበላችሁ... አገር ጉድ አለ! የመጣ ሰው ሁሉ ይገፋዋል። «ወደ ጎን! ወደ ጎን!» እላለሁ፤ ሰውየው ራሱ ወደ ጎን ዞሮ በትከሻው ይገፋዋል። ምሥጢሩ የገባት ጥጃችን ብቻ ነበረች። መቀርቀሪያው ሳይወድቅ በቀረ ቀን በአፍንጫዋ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሰተት ብላ ትገባለች። ከወረታ ነዋሪ ሁሉ ለሥልጣኔ የተዘጋጀችው እሷ ብቻ ነበረች።

እሑድ ደረሰ። ሌሊቱን የመጨረሻው ዝናብ ወርዷል፤ የፎገራን ጥቁር ጭቃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በሩ የሚሄድበትን ቦይ ሞልቶታል። እኔ ደግሞ ልታይ ብዬ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሲያንኳኩ ሸርተት አድርጌ፣ እነሱም አፋቸውን ከፍተው፣ እኔም «እሺ» ብዬ... አያችሁልኝ?

«ቤቶች!» አሉ ከውጭ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የመሪጌታ ድምፅ ነው።

«አቤት! ይግቡ፣ ይግቡ!» አልኩና ቆልማማውን ብረት ወደ ላይ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ሳንቃው አብጦ ብረቱን ከቀለበቱ ጋር አጣብቆታል። ውጭ ያሉት ደግሞ «ይግቡ» ስላልኳቸው ሦስቱም መግፋት ጀመሩ፤ በገፉ ቁጥር ብረቱ ይብስ ይጨመቃል።

«መምህር፣ በየት እንግባ?»

«በሩ እንቢ ብሎኝ ነው፣ መሪጌታ!»

ሹክሹክታ ሰማሁ።

«በሩ እንቢ አለ ነው የሚለው?»

«ሰበብ አልቆበት ነው። መጀመሪያ ዘመድ አለ፣ አሁን ደግሞ በር አመጣ።»

«እውነቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አይከፈትም!»

«ሰምተናል ጌታዬ፣ ሰምተናል... አይቆጡን» አለ አንደኛው። «ኩሩ ቤት መሆኑን እናውቃለን። ይኸው ደጅዎን ይዘን እንለምናለን።» ይህን ብለው ሦስቱም ሽማግሌዎች በሬ ላይ ተደገፉ! የሦስት ሰው ክብደት፣ ከነጋቢያቸው። አሁንማ ያንን ብረት አያ እንግዳውም፣ ጣሊያኑም ቢመጣ አያነሳውም።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ በሩን ይልቀቁት!»

«እንዴት ብለን እንለቃለን? መልስ ሳናገኝ ደጅ ይለቀቃል እንዴ?»

«እሺ ብያለሁ! እሺ!»

«እሺ ያለ ሰው በር ይከፍታል» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ተለውጧል። «አንተ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ስትመልሰን ወግ ነው ብለን ተመለስን። በሦስተኛው ፊትህን እንኳ ነፈግኸን? በእኔ ሽበት ትቀልዳለህ? በሉ እንሂድ። ሐሙሲት ሩቅ ነው፣ በጊዜ እንነሳ።»

እግራቸው ከጭቃው ሲነቀል ይሰማኛል... ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ። እህቴን የምድርበት ቀን እየሄደ ነው፤ እኔ አንዲት ጣት በምታህል ብረት ላይ ተንጠልጥያለሁ። «መሪጌታ! መሪጌታ!» ስል ድምፄ እንደ ልጅ ተሰበረ።

ያኔ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጣች። በወጉ ሽማግሌ ደጅ ላይ እያለ ልጅቷ ብቅ አትልም። እሷ ግን ወጣች፣ ያውም ዘነዘና ይዛ! ለኔ የመጣ መስሎኝ ጋቢዬን በራሴ ላይ ሳብኩ።

«ወንድምዓለም፣ ዞር በል።»

«አይከፈትም እኮ፣ ማንጠግቦሽ...»

«ማን ክፈተው አለህ?»

የዘነዘናውን ጫፍ ከበሩ ሥር ሰካች፤ የወፍጮ መጅ ከሥሩ አስደገፈችና በሌላው ጫፍ ላይ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። በሩ እንዳለ ከቦዩ ወደ ላይ ተነሳ፤ ያ ቆልማማ ብረትም አብሮ ተነስቶ ከቀለበቱ ውልቅ አለ።

«ይኸን ከየት ተማርሽው?» አልኳት ደንግጬ።

«ትምህርት ቤት በሄድህ ቁጥር ብረቱ ሲጠብቅብኝ እንዲህ እያደረግሁ አይደል የምወጣ! ውኃ ማን የሚቀዳልህ መስሎህ ነው?»

ልብ በሉ፤ ሌባ አይደፍረውም ብዬ የኮራሁበት መቀርቀሪያ፣ አንዲት ሴት ልጅ በየቀኑ እንስራ ይዛ የምትወጣበት ነበር። ማንጠግቦሽ በሩን በትከሻዋ አንድ ጊዜ ገፋችው። ከነሳንቃው፣ ከነብረቱ፣ ከነክብሬ ወደ ውጭ ተገንድሶ ጭቃው ላይ ተዘረጋ።

ሽማግሌዎቹ ከግቢው አፍ ላይ ዞሩ። በተከፈተው መቃን መሐል ማንጠግቦሽ ዘነዘናዋን ይዛ ቆማለች፤ ነጠላዋ ወርዷል፣ ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል። ልትደበቅ አልሞከረችም። እኔ ከኋላዋ በጋቢዬ ተጠቅልዬ ቆሜአለሁ።

መሪጌታ እሷን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን ግን ለማየት አልፈለጉም። ቀስ ብለው ተመለሱና በወደቀው ሳንቃ ላይ፣ ጭቃ ሳይነካቸው፣ ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ገቡ።

«እኛ የመጣነው መልስ ፍለጋ ነው» አሉ። «መልሱን አግኝተናል፤ አሁን እንቀመጣለን።»

መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ስንት ቀን ያዘጋጀሁትን «እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ... ለካ ሽማግሌዎቹ ሠርጉ ጥር ላይ እንደሚሆን ከማንጠግቦሽ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ማንም አልጠየቀኝም።