ታንቲ ኤዶክሲ ጋቢና ሲቀመጡ

መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጎበዝ ሹፌር ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔ ሌነርድ፣ የካስትሪስ ከተማ ነዋሪ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ስነዳ አንድ ቀን እንኳ በገዛ ፈቃዴ ፍሬን ይዤ አላውቅም። ፍሬኑን የሚያዙልኝ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ክብርት ታንቲ ኤዶክሲ ናቸው። እኛ ደሴት አክስትን ታንቲ እንላለን። እሳቸውን ግን ዘመድ ያልሆነውም፣ ፖሊሱም፣ ቄሱም ታንቲ ነው የሚላቸው። በሌላ ስም ሊጠራቸው የደፈረ እስካሁን የለም።

ታንቲ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ብስክሌት እንኳ ነድተው አያውቁም። ጋቢና ግን የእሳቸው ርስት ነው። ገብተው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና፣ ባርኔጣቸውን ያስተካክሉና፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ «ቀስ በል እንጂ!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትእዛዝ ነው። «ማርሽ ቀንስ!» «ክላክስ!» «ወደ ግራ! ኧረ በዛ፣ ኧረ በዛ!» እግራቸው ሥር ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣሉ። የመኪናዬ ምንጣፍ በጋቢና በኩል በቀኝ እግራቸው ልክ ተበስቷል። መካኒኬ ቀዳዳውን አይቶ፣ «ለመሆኑ ይቺ መኪና ስንት ፍሬን ነው ያላት?» ብሎ ጠይቆኛል።

ምስጋና ከእሳቸው አይጠበቅም። በሰላም ካደረስካቸው «አየህ፣ ሲነግሩህ ስትሰማ» ይላሉ። ጉድጓድ ውስጥ ከገባህ ደግሞ «እየነገርኩህ!» ነው። ነግረውህ ነበር አልነበረም ብሎ መከራከር ራት ያሳልፋል እንጂ ምንም አይጠቅምም።

ምግብ ቤትም ያው ናቸው። አንተ የምትበላውን እሳቸው ያዛሉ። ዓሣውን ማን እንዳጠመደው፣ መቼ እንዳጠመደው፣ የአጥማጁ እናት ማን እንደምትባል ሳይጠይቁ ሹካ አያነሱም። አንድ ጊዜ የሆቴል ሼፍ ከወጥ ቤት አስጠርተው ሾርባውን በገዛ ማንኪያቸው አስቀመሱት። ነጭ ቆብ ያደረገ ግዙፍ ሰው ነበር። ቀመሰ፤ ትንሽ አሰበና ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። ይኸው ዛሬም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቆብ የሌለውን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል።

ባለፈው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል፣ የወንድሜ ልጅ ቨርሊን ከአዲሱ ባሏ ጋር ከእንግሊዝ አገር ለዕረፍት መጣች። ባሏ ዳንከን ይባላል። ረጅም፣ ጸጥተኛ፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላችው ልጅ ነው። መኪና ተከራይተዋል። ቅዳሜ ማታ በሶፍሪየር መንገድ፣ ገደል ጫፍ ላይ በተከፈተው አዲስ ምግብ ቤት ራት ሊበሉ አስበው እኔንም ጋበዙኝ። ሦስት ነበርን። ታንቲ ከማን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሊመሽ ሲል እንወጣለን ስንል፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማታ ነው» አሉ። «ይሄ ልጅ መንገዱን በምን ያውቀዋል?»

«ስልኩ ያሳየዋል፣ ታንቲ» አለች ቨርሊን።

«ስልኩ እዚህ አገር ነው የተወለደው?»

ዳንከን ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው። ጨዋነቱ ጉድ አደረገው። እኔና ቨርሊን ከኋላ ገባን።

ያ መንገድ መብራት የለውም፤ ኩርባው ግን ሞልቷል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ «ክላክስ!» አሉ፤ ዳንከን አደረገ። ሁለተኛው ላይ «ክላክስ!»፤ አሁንም አደረገ። አሥረኛው ላይ ስንደርስ ሳይታዘዝ ቀድሞ አደረገ። ታንቲ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ይሄ ልጅ ይማራል» አሉ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያላገኘሁትን እሱ በሃያ ደቂቃ አገኘው። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

ከፊት ለፊታችን አንድ ሚኒባስ ረጅሙን መብራት አብርቶ መጣ። ታንቲ መኪናውን አስቆሙ፤ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ሚኒባሱንም አስቆሙ።

«አንተ! ልታሳውረን ነው?»

«ይቅርታ ታንቲ፣ እርስዎ መሆንዎን አላየሁም» አለ ሹፌሩ።

«እኔ ባልሆንስ? ሌላው ሰው ይታወር?»

በሁለቱም በኩል መኪና ተሰለፈ፤ ክላክሱ ቀለጠ። ሹፌሩ የእናቱን ጤና ተጠይቆ፣ መልሶ፣ ተመርቆ ሄደ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ላሟ!» ብለው ጮኹ። ዳንከን ፍሬኑን ረገጠ፤ እኔ ከፊት ወንበሩ ጋር በግንባሬ ተሳለምኩ። ላም የለም።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትታሰረው» አሉ ታንቲ።

ያቺ ላም ከታረደች አራት ዓመት አልፏታል፤ ሥጋዋን በልቻለሁ። ከታንቲ ጋር ስለ ላም የሚከራከር ሰው ግን ራት አይደርስም።

ደረስን። ምግብ ቤቱ ያማረ ነው፤ ታች ባሕሩ ይሰማል፣ በየጠረጴዛው አንድ አንድ ሻማ በርቷል፤ ሌላ መብራት የለም።

«መብራት ተቆርጦባቸው ነው?» አሉ ታንቲ ጮክ ብለው።

አስተናጋጇ ሜኑ አደለችን። ታንቲ የራሳቸውን ራቅ አድርገው ያዙ፣ ቀረብ አደረጉ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እዚህ ላይ የሚበላ ነገር አይታየኝም» አሉ። እኔ ልስቅ ስል እጃቸውን አየሁ። ሜኑውን ገልብጠው ነበር የያዙት። እንደ ቀልድ እጄን ሰድጄ አቃናሁላቸው። እሳቸውም እንደ ቀልድ መልሰው ገለበጡት።

ከዚያ ብርጭቆ ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ በቀጥታ ወደ ሻማው ሄደ። ዳንከን ከእኔ ፈጠነ። ሻማውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ብርጭቆውን በቦታው አስጠጋ፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ከዚያ ሜኑውን አነሳና፣ «ታንቲ» አለ፣ «እኔ የዚህን አገር ምግብ አላውቅም። አንድ በአንድ ላንብብልዎትና የቱ እንደሚሻለኝ ይንገሩኝ፣ እባክዎ።»

ልጁ እያነበበ፣ እሳቸው እየፈረዱ ሜኑው አለቀ። «ላምቢ? የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፣ ይቅርብህ፤ ያልለመደ ሰው ሲያኝከው ያድራል። የዳቦ ፍሬ ጥብስ? እሱን አምጪለት።» አስተናጋጇ በምግብ ቤቱ ሕግ መሠረት ዓሣው ትኩስ መሆኑን አስረዳች። «ሕጉን አይደለም የጠየቅኩት፤ ዓሣውን ነው» አሏት። ዳንከን ይስቃል፣ ቨርሊን ትስቃለች። እኔ ግን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ያቺ ላም፣ ያ ሜኑ፣ ያ ሻማ። እኔ በየሳምንቱ አብሬያቸው እየሄድኩ ያላየሁትን፣ የአምስት ቀን እንግዳ አይቶት ሸፈነላቸው።

ስንበላ የጣለው ዝናብ ስንወጣ ቆሟል፤ ጉሙ ግን ከተራራው ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል። የፊት መብራቱ ነጭ ግድግዳ ላይ የሚያበራ ይመስላል። ስልኩም ኔትወርክ አጣ። ጥቂት እንደተጓዝን ዳንከን መኪናውን አቆመ።

«ምንም አይታየኝም» አለ። ከግራችን ቦይ ነው፣ ከቦዩ ወዲያ ገደል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማዞሪያ የለም፤ እዚያው እንዳንቆም ከኋላ የሚመጣ መኪና ይጨፈልቀናል።

«እንግዲህ ተስተካከልን» አሉ ታንቲ።

«ምን አሉ?» አለች ቨርሊን።

«ሂድ በሉት አልኩ። ቀስ ብሎ።»

ያን ማታ የሰማሁት ድምፅ የማውቀው ጩኸት አልነበረም። ዝግ ያለ፣ እንደ ጸሎት ያለ ድምፅ ነበር። ታንቲ ከአሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምሮ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ዳቦ የሞላ ትሪ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ያንን መንገድ በእግራቸው ተመላልሰውበታል፤ ሠላሳ ዓመት ያህል። «አሁን ወደ ቀኝ... ቀና በል... ቁልቁለት ነው፣ ማርሽ ቀንስ... ድልድዩን አሁን ትሰማዋለህ» አሉ። ወዲያው የድልድዩ እንጨት ጎማው ሥር ተንኳኳ። ቨርሊን እጄን ጨብጣ ይዛለች። ኩርባውን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። አንዱንም አልሳቱም።

አሥራ አምስተኛው ላይ «ግራ፣ በደንብ» አሉ። ዳንከን በደንብ ዞረ። አስፋልቱ አለቀ፣ መኪናው በለስላሳ ነገር ላይ ተንሸራተተ፣ ዶሮዎች ተንጫጩ፤ ከአንድ በረንዳ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። በር ተከፈተና አንድ ሰውዬ በሌሊት ልብሱ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣ። ሲልቫኑስ ነበር፤ የድሮ የዳቦ ደንበኛቸው።

«ታንቲ ኤዶክሲ? ግቢዬ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«አንተ መንገድ ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«መንገዱ እኮ ወደ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከናዳው በኋላ። ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል፣ ቢጫ። አላዩትም?»

ታንቲ ቦርሳቸውን መነካካት ጀመሩ።

«አላየሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ዓመታት ሆነኝ። ቀን ቀን እንደ ጢስ ነው፤ ማታ ማታ ምንም የለም።»

«ታንቲ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ ከኋላ።

«ብነግርህ ምን ልትለኝ? ‹አርፈው ቤት ይቀመጡ› ልትለኝ አይደል?» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቤት ምን አለ፣ ሌኒ? ግድግዳ ነው ያለው። እኔ መንገድ ነው የምወደው።»

እንደዚያ ነበር የምላቸው።

የሲልቫኑስ ሚስት ተነስታ ቀረፋ የገባበት የካካዎ ሻይ አፈላች፤ የተጠበሰ ዳቦና ጨው የበላ ዓሣ አቀረበች። ጉሙ እስኪገፈፍ ተደርድረን በላን። ያንን የገደል ጫፍ ራት ረስቼዋለሁ፤ የዚያ ዳቦ ጣዕም ግን አሁንም አፌ ላይ ነው። ታንቲ ሊጡ ጨው ያንሰዋል ብለዋል። እውነት ለመናገር፣ ያንሰዋል።

ቨርሊን አልቆየችም፤ ከመሄዷ በፊት የዓይን ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። ከገና በኋላ መጀመሪያ የአንዱ፣ ቀጥሎ የሌላው ዓይን ሞራ ተገፈፈላቸው። ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። ትክ ብለው አዩኝ።

«ሌኒ» አሉ፣ «ምነው እንዲህ አረጀህ?»

ሲሻላቸው፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ራት ልጋብዝዎ ብዬ ያንኑ መንገድ ይዤ ወጣሁ። ጨረቃ ነበረች። ጋቢና ተቀመጡ። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ፤ ዝም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ዝም። ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ መጣልኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጃቸው አንቀው፣ ታች የሚያበራውን ባሕር ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ።

«ይሄ ገደል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድሮም እዚህ ነበር?»

«ነበር፣ ታንቲ።»

«በእግሬ ስሄድ እንዲህ ቅርብ አልነበረም።»

ማርሽ በስህተት አስገባሁ፤ መኪናዋ አጓራች፤ ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ቆምኩ።

«እንመለስ ይሆን?» አልኳቸው።

«ራት ትጋብዘኛለህ አላልክም?» ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ከዚያ ሁለቱን አዳዲስ ዓይኖቻቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፈኑ። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። «አሁን ሂድ። በሁለተኛ ማርሽ። ቁልቁለቱ ላይ እንዳትለቀው፣ ሞኝ!»

እንዲህ ሆነን ሄድን፤ እሳቸው ጨፍነው ያዛሉ፣ እኔ ገልጬ እታዘዛለሁ። ክላክስ በተባልኩበት ሁሉ ክላክስ አደረግኩ። የምግብ ቤቱ ሻማዎች በቀኝ በኩል ብቅ ሲሉ እግሬ ፍሬኑ ላይ ሊወርድ ነበር፤ ተውኩት። ሻማዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ።

«አለፍከው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አውቃለሁ፣ ታንቲ።»

እጃቸው ቀበቶውን ለቆ ጭናቸው ላይ አረፈ።

«ታች፣ ወንዙ ጋ፣ ማዞሪያ አለ» አሉ። «ሩቅ ነው። አትቸኩል።»