ብድግ ሲል የሚሠራው ኩርባ

ትናንት እንቅልፍ ይዞኝ የሄደው ሥዕሎች ሰዎችን ወደሚያንቀሳቅሱበት አገር ነው።

ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ታክሲው ቆሟል፤ የሚሄደው አስፋልቱ ነበር። ረዳቱ ከውጭ ተሰልፎ ተሳፋሪዎቹ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ሜክሲኮ አደባባይ እየተንከባለለ መጣና አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ፣ «ወራጅ አለ?» አለን። «አለ» ብዬ ወረድኩ። ማንም አልተገረመም።

አደባባዩ አንድ አዳራሽ በር ላይ አድርሶኝ ተመለሰ። ውስጥ ወንበሮች ሰዎች ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንድ አሮጌ በርጩማ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ እግሬን ያመኛል» ብሎ ጭኔ ላይ ወጣ። ከፊት ለፊታችን በየኮምፒውተሩ የተቀመጡት ሥዕሎች ናቸው። አንዲት ቀጭኔ ማውሷን ጠቅ ስታደርግ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሳይወዱ በግድ አዛጉ።

ተራዬ ደረሰና ተጠራሁ። የጠራኝ ባሌ ደምሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለልጆች ፊልም የሳለው አውራ ዶሮ ነው። አንዱን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ስለሳለው ሁልጊዜ ሰው የሚጠራጠር ይመስላል።

«የደምሰው ባለቤት?»

«ነኝ።»

«አንድ እንቅስቃሴ ሳይጨርስ ነው የሄደው» አለ ዶሮው። «በፊልሙ ውስጥ አባትየው እንግዳ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ‹ኖር› የሚልባት። እንቅስቃሴዋን የምትመራው ኩርባ የለችም። እስከ ምሳ ካላመጡልን ቀጥታ መስመር እናደርጋታለን።»

አባትየውን ደምሰው ራሱን አስመስሎ ነበር የሳለው። ስለዚህ በዚያ አገር ሕግ ቀጥታ መስመር የሚሆነው እሱ ነው።

«ቀጥታማ ከሆነ እንደ ሊፍት ነው የሚወጣውና የሚወርደው!» አልኩት። «ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መነሻና መድረሻ ብቻ ይሰጥና መካከሉን ለማሽኑ ይተዋል። ለኖር እኮ ሰው ሙሉ በሙሉ አይቆምም። መቀመጫው ትንሽ ለቀቅ ይላል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ እንግዳው ‹በእግዜር› ሲለው መልሶ ይቀመጣል።»

«ይህንንማ እኔም አውቃለሁ፣ ዶሮ ብሆንም» አለኝ። «ቁጥሩን ይስጡኝ።»

ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ቁጥር አሳፍሮኝ አያውቅም። ለእንዲህ ያለው ኩርባ አራት ነጥቦች ይበቃሉ። ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ መስመሩ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። የቀሩት ሁለቱ አየር ላይ የሚሰቀሉ ሳቢዎች ናቸው። መስመሩ ወደ እነሱ ይጎብጣል፣ መልኩን የሚያገኘው ከእነሱ ነው፣ ግን አይነካቸውም። ጠመኔ ተቀብዬ በበርጩማው ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

ግድግዳው በራ። ደምሰው በዚያ ቡናማ ሹራቡ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሳቢዎቹን በጣም ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው። ደምሰው ቀጥ ብሎ ቆመና ደረቱን ነፋ።

«ሊሾም ነው እንዴ?» አለ በርጩማው።

ዝቅ አደረግኋቸው። ደምሰው እንደመቁነጥነጥ አለና ተወው።

«ጉንዳን ገብቶበታል!» አለች ቀጭኔዋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ደምሰው ቢሰማ ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር።

አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰው አንዴ እንደ ወታደር፣ አንዴ እንደ ብስኩት ሰራቂ ልጅ ተነሣ እንጂ እንደ ደምሰው አልተነሣም። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሄደ ወደ ምሳ ተጠጋ።

ዶሮው ቅንድቡን ወደ ታች አወረደው። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ለማን ነበር የሚነሣው?»

«ለሁሉም። ለጎረቤት፣ ቆጣሪ ለሚያነበው ሰውዬ። ለእኔም ጭምር። ከሥራ ስገባ ‹ኖር፣ ፕሮፌሰር!› ይለኛል። ፕሮፌሰር እንዳልሆንኩ እያወቀ። ‹በእግዜር፣ አርፈህ ተቀመጥ› እለዋለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለው ምን ያሰላሉ? ሳቢው ነጥብ እሱ ጋ ነው ያለው?»

እሱ ጋ አልነበረም። በርጩማውን ከጭኔ አውርጄ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ከፍቼ ገባሁ።

ደምሰው ብድግ አለ። ቀኝ እጁ መጀመሪያ ጉልበቱን ያዘ፤ ትከሻው ወደ እኔ መጣ፤ ከዚያ መቀመጫው ወንበሩን ለቀቀ፣ ሲጀምር ቀስ ብሎ፣ መካከሉ ላይ ፈጠን ብሎ፣ ኋላ እንደገና ቀስ ብሎ። ወደ እኔ ጎበጠ፤ አልደረሰብኝም።

«ኖር፣ ፕሮፌሰር!»

ሥዕሎቹ አጨበጨቡ። «ይቺው ናት ኩርባዋ!» ብሎ ዶሮው ክንፉን መታ። «በሉ፣ መልሱን ይስጡትና ይቀመጥ። እሱ ሲቀመጥ እሷም ታልቃለች፤ መዝግበን እንዘጋታለን።»

መልሱን አልሰጠሁትም።

ደምሰው በግማሹ እንደተነሣ ቀረ። ፈገግ ብሎ ያየኛል። ቆይቶ በግራ እጁ ወገቡን ደገፈ።

«ምነው ትርሲት» አለኝ በሹክሹክታ፣ «እንዲህ ልታስቀሪኝ ነው? ወገቤን እኮ ታውቂዋለሽ።»

«ትንሽ» አልኩት። «ትንሽ ብቻ።»

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ይበሉት እንጂ!» ጮኸ ዶሮው። «ምሳ ደረሰ! ጫፍ የሌለው ኩርባ አይመዘገብም!»

እውነትም ቀጥታው መስመር እንደ ማስመሪያ ረዝሞ በመስኮቱ ገባ። ወንበሮቹ ሰዎቻቸውን እየጣሉ ሸሹ። መስመሩ ወደ ደምሰው ዞረ። ደምሰው ግን እሱን አላየውም፤ እኔን ነበር የሚያየው። አፌን ከፈትኩ።

ስልኩ ጮኸ።

ነግቷል። የደወለችው ናርዶስ ነበረች፤ ደምሰው የጀመረውን ፊልም የምትጨርሰው የሥራ ባልደረባው።

«እንደምን አደሩ ቲቸር! የምሥራች፣ ያቺ ያስቸገረችን ቦታ አለቀች።»

«የትኛዋ?»

«አባትየው ለእንግዳ የሚነሣባት። ኩርባው እምቢ ሲለን ቆረጥናት። አሁን ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ እጁን ያወዛውዝና ‹ሃይ!› ይላል። እንዴት እንደሚያምር!»

«ሃይ?»

«ሃይ።»

በእግሬ ጫማዬን ፈለግሁ።

«ናርዶስ፣ ሶፋውን ከፊልሙ አንሺልኝ። ቢሮው ውስጥ ወንበር አድርጊና አንድ ሰው አስቀምጪበት፣ አንቺ ካሜራ ይዘሽ ጠብቂ። መጥቼ በበሩ እገባለሁ፤ እንዴት እንደሚነሣ ያኔ ታያላችሁ።»

«እሺ ቲቸር» አለች። መልሳ ግን፣ «ወንበሩ ላይ ማንን ላስቀምጥ?» አለችኝ።